ጥቁሩ መስመር የጠፋበት ዘመን
ፒየት ሞንድሪያን በኒውዮርክ፣ ከ1940 እስከ 1944

ኦክቶበር 3 ቀን 1940 ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ኒውዮርክ ወደብ ከደረሱት መንገደኞች አንዱ ሰውነቱ የቀጠነ፣ መነጽር ያደረገ፣ አለባበሱ የተስተካከለ ሆላንዳዊ አዛውንት ነበር። ሠዓሊው ፒየት ሞንድሪያን በዚያን ቀን የ68 ዓመት ሰው ነው። ሀብት አላፈራም፤ ሚስትም ልጅም አልነበሩትም፤ ስሙ ግን ከረቂቅ ሥዕል መሥራቾች ተርታ ገብቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው የዘራውን ከመሰብሰብና ያስተማረውን ከማጽናት በቀር ምን ሥራ ቀረው ቢባል የሚያስወቅስ አይሆንም። ሞንድሪያን ግን በቀረችው የሦስት ዓመት ከአራት ወር ዕድሜ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሃያ ዓመት ያህል መታወቂያው ሆኖ የኖረውን ጥቁር መስመር ከሸራው ላይ አነሣው። ከዚያም አልፎ፣ ቀድሞ የሠራው ሁሉ በትክክል ሲታይ ሥዕል ሳይሆን ንድፍ ነበር እስከ ማለት ደረሰ።

ይህ ምን ያህል ከባድ እርምጃ እንደ ነበረ ለመረዳት ጥቁሩ መስመር ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያሻል። ሞንድሪያን በ1872 አመርስፎርት በተባለች የሆላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆኑ ሥዕል የማስተማር ችሎታም ነበራቸው። እርሱም አምስተርዳም በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከተማረ በኋላ ወንዞችን፣ የነፋስ ወፍጮዎችንና ዛፎችን እየሣለ ብዙ ዘመን ኖረ። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ፓሪስ ሄዶ የኩቢዝምን አሠራር ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ዛፍ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ፤ ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉ፣ ግንዱም በየተራ ወደቁና አግዳሚና ቋሚ መስመር ብቻ ቀረ። በ1917 ከቴዎ ቫን ዱስቡርግ ጋር በመተባበር «ደ ስቲል» በተባለው መጽሔት ዙሪያ የተሰበሰበውን የሠዓሊዎችና የአርክቴክቶች ቡድን ተቀላቀለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያም ሕጉ ተደነገገ። መስመር ቢሆን አግዳሚና ቋሚ ብቻ፤ ቀለም ቢሆን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ከነዚህም ጋር ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ብቻ። አረንጓዴ የለም፣ ክብ የለም፣ ሰያፍ መስመርም የለም።

ቫን ዱስቡርግ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሰያፍ መስመርን ወደ ሥዕሉ ባስገባ ጊዜ የሁለቱ የሥራ ወዳጅነት ፈረሰ። በአንዲት መስመር መዘንበል ምክንያት ጓደኛ ከጓደኛው መለየቱ ለውጭ ተመልካች ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሞንድሪያን በ1909 የቴዎሶፊ ማኅበር አባል የሆነ ሰው ነውና ቋሚውና አግዳሚው ለእርሱ የሥዕል ዘዴ ብቻ አልነበሩም። ዓለም የቆመችው በተቃራኒ ኃይሎች መመጣጠን ነው፤ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ ደግሞ የዚያ መመጣጠን ምልክት ነው ብሎ ያምን ነበር።

«ማስመሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ይሠራዋል» የሚለው ትችት እነዚህን ሥዕሎች ከጥንት ጀምሮ ሲከተላቸው ኖሯል። ትችቱን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። በአንድ ማዕዘን ትልቅ ቀይ መደብ አስቀምጦ በተቃራኒው ማዕዘን ባለች አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሞከረ ሰው፣ መስመሩ የጣት ስፋት ያህል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥዕሉ በሙሉ ሲናጋ ያያል። ሞንድሪያን ይህን ሲሠራ በስሌት ሳይሆን በዓይኑ ነበር የሚመራው። ይቀባል፣ ያያል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ይቀባል። ለዚህም ነው ከሩቅ ሲታዩ እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ የጠሩ የሚመስሉት ሸራዎች ቀርበው ሲመረመሩ በብዙ ድርብርብ ቀለም የተሞሉ ሆነው የሚገኙት።

በ1937 የናዚ መንግሥት «የተበላሸ ጥበብ» እያለ ለማዋረድ ሙኒክ ላይ ባሳየው ኤግዚቢሽን ውስጥ የእርሱም ሥራዎች ነበሩበት። ጦርነቱ መቃረቡን በማየት በሴፕቴምበር 1938 ፓሪስን ለቆ ለንደን ሃምፕስቴድ በተባለው ሰፈር ከሠዓሊው ቤን ኒኮልሰንና ከቀራጺዋ ባርባራ ሄፕዎርዝ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት እንደ ቆየ የጀርመን ቦምብ ከመኖሪያው አቅራቢያ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ደራሽ ሆኖ የተገኘው ሃሪ ሆልትስማን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ሆልትስማን በ1934 ሞንድሪያንን ፍለጋ ብቻ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተዋወቀው ሲሆን፣ አሁን የጉዞውን ወጪ ሸፍኖ ኒውዮርክ ውስጥ በምሥራቅ 56ኛ መንገድ ላይ መኖሪያ ተከራየለት።

ያን ጊዜ ኒውዮርክ ላይ ቡጊ ዉጊ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የፒያኖ ሙዚቃ ገኖ ነበር። ሆልትስማን ሸክላውን ባጫወተለት ጊዜ አዛውንቱ በደስታ እንደ ተዋጠ ይነገራል። ሞንድሪያን ከወጣትነቱ ጀምሮ ጭፈራ ወዳድ ነው፤ ያ ሁሉ የመስመር ሥርዓት ከጭፈራ ቤት ከማይጠፋ ሰው እጅ መውጣቱ የሕይወት ታሪኩን ያነበቡትን ሁሉ ያስደንቃል። በቡጊ ዉጊ የፒያኖ ተጫዋቹ ግራ እጅ አንዱን ምት ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ በዚያ ላይ ዜማ ሊሆን የሚጀምረውን ሁሉ ሳያስጨርስ ይሰባብረዋል። ሞንድሪያን በዚህ ውስጥ የራሱን ሐሳብ አገኘ። ሙዚቃው ዜማን እንዳፈረሰ፣ እርሱም የተፈጥሮን መልክ ማፍረሱንና በምት መተካቱን ለወዳጆቹ አስረዳ።

ይሁንና አዲሱን ነገር የጀመረው በአዲስ ሸራ ላይ አይደለም። ፓሪስና ለንደን ላይ የተጀመሩ 17 ሥዕሎች ኒውዮርክ ውስጥ እንደገና በእጁ ገቡ። ተመራማሪዎቹ ሃሪ ኩፐርና ሮን ስፕሮንክ በ2001 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናትና ኤግዚቢሽን እነዚህን ሥራዎች በራጅ ጭምር መርምረው ለውጡን ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። ሠዓሊው አንዳንዱን መስመር አዛወረ፤ ሌላውን አወፈረ፤ ከሁሉም በላይ ግን ጥቁር መስመር ያላጠራቸው፣ በነጩ ላይ ብቻቸውን የቆሙ አጫጭር ባለ ቀለም ብሎኮች በየጠርዙ ጨመረ። በአንዳንዶቹም ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጻፈባቸው፤ አንደኛው የኤውሮፓውን ጅምር፣ ሁለተኛው የአሜሪካውን ፍጻሜ ያመለክታል። «የኮንኮርድ አደባባይ» (1938–43) እና «ትራፋልጋር አደባባይ» (1939–43) የተባሉት ሥዕሎች ከነዚህ ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ከነዚህ ሸራዎች አንዳንዶቹ ኤውሮፓ ሳሉ እንደ ተፈጸመ ሥራ የታዩ ናቸው። የቀድሞ መልካቸው ዛሬ የሚገኘው በአሮጌ ፎቶግራፍና በራጅ ፊልም ብቻ ነው። ለውጡ ሁሉንም አሻሻላቸው ማለትም ያስቸግራል። በአንዳንዶቹ ላይ የተጨመሩት ቀለማት ሥዕሉን ሲያነቁት፣ በሌሎቹ ላይ ግን ከጥቁሩ መስመር ጋር ያልተስማሙ እንግዶች መስለው ይታያሉ። ሞንድሪያን ለዚህ ኪሣራ የሚጨነቅ አልነበረም። አንድን ሥዕል ደጋግሞ ከመደምሰስ ይልቅ ለየሐሳቡ አዲስ ሸራ ለምን አይጠቀምም ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ለሠዓሊው ለካርል ሆልቲ የሰጠው መልስ የታወቀ ነው። የሚፈልገው ሥዕል ማብዛትን ሳይሆን ነገሩን መርምሮ መድረስን መሆኑን ነገረው።

ምርመራውን ያፋጠነለት አንድ ተራ ዕቃ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ፣ በአንድ ወገኑ ሙጫ ያለው፣ በልዩ ልዩ ቀለም የሚሸጥ የወረቀት ፕላስተር አገኘ። በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ባለሙያ ሁሉ የዚህን ዕቃ ጥቅም ያውቃል። ቀድሞ አንዲትን መስመር ለማዛወር ቀለሙን ፍቆ፣ ነጩን ደግሞ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ግን መስመሩን ከጫፍ ይዞ መሳብና ሌላ ቦታ መለጠፍ ይበቃል። ደግሞም ፕላስተሩ የሚሸጠው በቀለም በመሆኑ መስመር ጥቁር ይሁን የሚለው ልማድ በራሱ ጊዜ ላላ።

የዚህ የመጀመሪያው ታላቅ ውጤት ዛሬ ፓሪስ በፖምፒዱ ማእከል ስብስብ ውስጥ የሚገኘው «ኒውዮርክ ሲቲ» (1942) ነው። በሥዕሉ ላይ አንድም ጥቁር መስመር የለም። ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ይተላለፋሉ። ሲተላለፉም አንዱ እዚህ ከላይ፣ እዚያ ከታች እየሆነ ነው፤ የሸማኔ ሥራ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ድርና ማጉን ይለያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞንድሪያን ዕድሜውን ሙሉ ከሸራው ላይ ጥልቀትን ለማጥፋት የደከመ ሠዓሊ ነው። መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍ ግን ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች ተመልሶ ይመጣል። ሠዓሊው ይህን አልሸሸገም፤ ነገር ግን የትኛውም ቀለም ዘወትር ከላይ እንዳይሆን አድርጎ አቀያየራቸው። ስለዚህ ዓይን ከፊት ያለው ይህ ነው ብሎ ሊያርፍበት የሚችል ቦታ አያገኝም።

ቀጥሎ የመጣው «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ» (1942–43) ሲሆን ጎንና ጎኑ 127 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሸራ ነው። በዚህ ሥዕል መስመሩ ራሱ ተሰባበረ። ቢጫዎቹ መንገዶች በቀይ፣ በሰማያዊና በግራጫ ትንንሽ ካሬዎች እየተቆራረጡ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸውም ሰፋ ሰፋ ያሉ መደቦች ቆመዋል። ዓይን እንደ ቀድሞው መስመሩን ተከትሎ መጓዝ አይችልም፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘላል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሥዕል የማንሃተን ካርታ፣ ካሬዎቹንም የትራፊክ መብራትና ታክሲ አድርገው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው ለጎብኚ ይመቻል፤ ሠላሳ ዓመት ደክሞ ዛፉን ከሸራው ያወጣው ሰው ግን በእርጅናው ታክሲ ለማስገባት መነሣቱ አጠራጣሪ ነው። ይልቁንስ በርእሱ ውስጥ ያለው ምፀት ይበልጥ ያስገርማል። ብሮድዌይ ማለት የማንሃተንን ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች በሰያፍ አቋርጦ የሚያልፈው ጎዳና ነው። በሰያፍ መስመር ምክንያት ከወዳጁ የተለየው ሠዓሊ ታላቁን ሥራውን በሰያፉ ጎዳና ስም ሰየመው፤ በሥዕሉ ውስጥ ግን አሁንም አንድም ሰያፍ መስመር የለም።

ሥዕሉ በማርች 1943 በቫለንታይን ዱደንሲንግ ጋለሪ ከብራዚላዊቷ ቀራጺ ከማሪያ ማርቲንስ ሥራዎች ጋር ጎን ለጎን ታየ። የገዛችውም ራሷ ማርቲንስ ናት፤ ስሟ እንዳይገለጥ አድርጋ ለኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አበረከተችው። በዚያው ዓመት ሞንድሪያን በፔጊ ጉገንሃይም ጋለሪ ለወጣት ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን ሥራ ከሚመርጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ሌሎች ችላ ባሉት በጃክሰን ፖሎክ ሥዕል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ካያቸው ሁሉ ይህ ይበልጥ ቀልብ እንደሚስብ መናገሩ ይተረካል። የፖሎክ አሠራር ከእርሱ ሕግ ጋር በምንም አይገናኝም።

ታላቁ ፍርድ የተሰጠውም በ1943 ነው። ሞንድሪያን ለጥበብ ሐያሲው ለጄምስ ጆንሰን ስዊኒ ሲያስረዳ፣ በጥቁር፣ በነጭና በጥቂት ቀለም የሠራቸው ሥዕሎች በቅባት ቀለም የተሠሩ ንድፎች ብቻ እንደ ነበሩ ገና አሁን መገንዘቡን ገለጠ። ምክንያቱም በንድፍ ዋናው ነገር መስመር ሲሆን በሥዕል ግን የቀለም መደብ ነው፤ መስመሩም በመደቡ ውስጥ መዋጥ አለበት የሚል ነበር። አንድ ሠዓሊ በ71 ዓመቱ ስሙን ባስገኙለት ሥራዎች ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲፈርድ መስማት ያስደነግጣል። ፍርዱ ግን ከልክ ያለፈ ነው። የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ሥዕሎች ዛሬም ተመልካችን የሚያቆሙት፣ መስመራቸው ነጩን ባዶ ቦታ እንደ ቀለም ያህል ከባድ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ለሞንድሪያን ግን ጥያቄው የተመልካች አልነበረም፤ ወደ ፊት ለመሄድ የኋላውን መንቀፍ ነበረበት። «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ»ንም ቢሆን አሮጌው ነገር በዝቶበታል እያለ ይተቸው ነበር።

አሮጌው ነገር ፈጽሞ እንዲወጣ የታሰበበት ሸራ በ1942 የተጀመረው «ቪክትሪ ቡጊ ዉጊ» ነው። ስሙ በጦርነቱ የሚጠበቀውን ድል ያመለክታል። ሸራው ጎኖቹ 127 ሳንቲ ሜትር ሆነው በማዕዘኑ እንዲቆም የተደረገ ነው፤ ስለዚህ ጠርዞቹ ሁሉ ሰያፍ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ግን ቋሚና አግዳሚ ነው። በዚህ ሥዕል መስመር የሚባል ነገር አልቀረም ለማለት ይቻላል። መላው ገጽ ትልልቅና ትንንሽ ካሬዎች የሚገፋፉበት ሆኗል። በ1944 መጀመሪያ ላይ ያዩት ወዳጆቹ ሥራው ወደ ፍጻሜው መቃረቡን አምነው ነበር። በጃንዋሪ ወር ግን ሞንድሪያን በጥቂት ቀናት ውስጥ የደረቀውን ቀለም እንደገና በፕላስተርና በወረቀት ቁርጥራጭ ሸፈነው። ያን ጊዜ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ይዞት ነበር፤ ሕመሙ ወደ ሳንባ ምች ተለውጦ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1944 ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ብሩክሊን በሚገኘው የሳይፕረስ ሂልስ መቃብርም ተቀበረ።

ያ የፕላስተር ነገር ሁለት ስለት ነበረው። መስመርን ማዛወር ዋጋ የማያስከፍል በሆነ ጊዜ ለማቆምም ምክንያት ጠፋ። ቀድሞ ቀለሙ ሲደርቅ ሥዕሉ ሠዓሊውን ያስገድደው ነበር፤ አሁን የሚያስገድደው አልነበረም። ሞንድሪያን ጥቂት ወራት ቢጨመሩለት ኖሮ ሥዕሉን ይፈጽመው ነበር የሚሉ አሉ። የሥራው ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም፤ አንድ ጊዜ ተፈጽሟል የተባለውን ራሱ አፍርሶታልና።

ወራሹ ሆልትስማን በምሥራቅ 59ኛ መንገድ የነበረውን የመጨረሻ ስቱዲዮ እንዳለ አቆይቶ ለተወሰኑ ሳምንታት ለጎብኚዎች ክፍት አደረገው። የመጣ ሰው በነጩ ግድግዳ ላይ የተሰኩ ባለ ቀለም ካርቶኖችን፣ ሠዓሊው ከዕቃ ሣጥን ሳንቃ በእጁ የሠራቸውን ጠረጴዛና መቀመጫዎች፣ በሥዕል ማቆሚያው ላይም ያልተፈጸመውን «ቪክትሪ» ያይ ነበር። ሆልትስማንና ሠዓሊው ፍሪትስ ግላርነር ክፍሉን ለክተው በፎቶግራፍና በፊልም አስቀሩት። የግድግዳው ቅንብሮችም በ1983 በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ በቁ።

«ቪክትሪ»ን ሰብሳቢዋ ኤሚሊ ትሬሜን ገዛችው፤ ኋላም ሠዓሊዋ ፐርል ፋይን እንድታጠናውና የራሷን ቅጂ እንድትሠራ አድርጋለች። በ1998 ሥዕሉ በ80 ሚሊዮን ጊልደር ለሆላንድ ሕዝብ ተገዛ። ገንዘቡን የሰጠው የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን ምክንያቱ ጊልደር ለኤውሮ ቦታውን የሚለቅበት ጊዜ መቃረቡ ነበር። ላልተፈጸመ፣ ፕላስተር ለተለጠፈበት ሸራ ይህን ያህል ወጪ መደረጉ በፓርላማና በጋዜጣ ብዙ ክርክር አስነሣ። ሥዕሉ ዛሬ ሄግ ከተማ ከሚገኘው የጥበብ ሙዚየም ሀብቶች ዋነኛው ነው። ሳይንቲስቶችና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎችም ለዓመታት መርምረው ውጤቱን በ2012 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ምርመራው ያረጋገጠው ሠዓሊው እያንዳንዱን ካሬ ስንት ጊዜ እንደ ቀየረ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አስቦ እንደ ነበረ ግን ቀለሙ አይናገርም።

ከዚህ ይልቅ የባሰው ጥያቄ ዱሰልዶርፍ በሚገኘው የኖርድራይን ቬስትፋለን የጥበብ ስብስብ ውስጥ ባለው «ኒውዮርክ ሲቲ 1» ላይ ተነሣ። ይህ ያልተፈጸመና ያልተፈረመበት ሥራ መስመሮቹ አሁንም ፕላስተር ናቸው። በ1945 ኒውዮርክ ላይ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ ሲሰቀል ኖሯል። በ2022 የኤግዚቢሽን አዘጋጇ ሱዛነ ማየር-ቢዘር ሥዕሉ ከ75 ዓመት በላይ ተገልብጦ መቆየቱን አስታወቀች። ለዚህም ሦስት ማስረጃ ነበራት። በጁን 1944 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣ የስቱዲዮው ፎቶግራፍ ሥዕሉን በሥዕል ማቆሚያው ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ያሳያል። በፓሪሱ መሰል ሥዕል ላይም መስመሮቹ የሚጠባበቁት ከላይ ነው፤ በዱሰልዶርፉ አሰቃቀል ግን ከታች ሆነዋል። እንዲሁም የፕላስተሩ ጫፎች በአንድ ወገን ተስተካክለው ሲጀምሩ በሌላው ወገን ተቀድደው ያበቃሉ፤ ይህም ሠዓሊው ከየት ወደ የት ይለጥፍ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ሙዚየሙ ግን ሥዕሉን አልገለበጠውም። ፕላስተሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ሙጫው ደርቋል፤ አንዳንዱ መስመር በጥቂት ክር ያህል ብቻ ተይዟል። ሸራው ቢዞር የክብደቱ አቅጣጫ ስለሚለወጥ መስመሮቹ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ እንደ ነበረ ተሰቅሎ እንዲቆይ ተወሰነ።